ባለቤቷ የማታየው መዝገብ

ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር የሸኙ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። እኛም ደብተራቸውን ዘግተው የሄዱ ተማሪዎች ነበሩንና ነገሩ የሩቅ ወሬ አይሆንብንም።

በሳዑዲ ዐረቢያ የሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ «ኢቃማ» ይባላል። ዛሬ ግን ከካርዱ ይልቅ የሚታመነው በኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሰፈረው ነው። አሠሪው «ሠራተኛዬ ጠፋች» ብሎ ሲያመለክት ስሟ «ሁሩብ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ካርዷ በቦርሳዋ እያለ ሕገ ወጥ ትሆናለች። ደመወዝ ተከልክላ የሸሸችውም ያለ ምክንያት ከኮበለለችው ጋር በአንድ ስም ትጠራለች። ብዙዎችም ይህን የሚያውቁት በፖሊስ እጅ ሲወድቁ ነው። ቃሏ ሳይሰማ ፍርዱ መቅደሙ እጅግ ያሳዝነናል። በ2006 ዓ.ም. ከዚያች አገር ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ብዙዎቹ የተባረሩት ፈቃድ የላችሁም ተብለው ነበር።

ሆኖም ሁሩብን በመቃወም ማመልከት ይቻላል። በዚህ ጊዜ የሚረዳት ማስረጃ ነው፤ የሥራ ውሏ፣ የደመወዟ ደረሰኝ፣ ከአሠሪዋ ጋር የተላላከችው መልእክት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ውሉ በመንግሥት እንዲጸድቅ ያዛል፤ በኦቦክ ባሕር የተሻገረችው ግን የምታሳየው ውል የላትም።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሳትሳፈር የውሏንና የፓስፖርቷን ቅጂ ተቀበሉ፤ ከጥምቀት ምስክር ወረቀቷ ጋር በአንድ ሣጥን አኑሩት።