በቁምጣ የተመዘነ ልጅ

በየዓመቱ በየካቲት ማብቂያ ከ300 በላይ ወጣቶች ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ውስጥ በቁምጣና በካናቴራ ብቻ ሆነው ይመዘናሉ፣ ይለካሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ። መዳፋቸው እንኳ ሳይቀር ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ይለካል። የ32ቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች መልማዮች ሰዓታቸውን ጨብጠው ከላይ ሆነው ይመዘግባሉ። የፋሲካ በግ ሊገዛ የወጣ አባወራ ጀርባውን ዳብሶ፣ ላቱን አንስቶ፣ ጥርሱን ገልጦ እንደሚያየው ማለት ነው። የበጉ ነገር በማግስቱ ድስት ውስጥ ይለይለታል፤ የእነዚህ ልጆች ግን ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ይህ ፈተና ኮምባይን ይባላል። የሚቀጥለው ሚያዝያ ላይ የሚደረገው ድራፍት ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የዋሽንግተን ቡድን ደጋፊ ነኝ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉልበት፣ ዳሌና ቁርጭምጭሚት ሳይ ነው የምውለው። ሌላው ደጋፊ የልጁን ፍጥነት ሲያደንቅ የእኔ ዓይን ሳልፈልገው ወደ ጉልበቱ ይሄዳል።

አርሰናልና ማንችስተር ለለመደ አንባቢ የአሜሪካ ፉትቦል አሠራር እንግዳ ነው። በእግር ኳሱ ዓለም ክለቡ ልጁን ከትንሽነቱ ያሳድገዋል፣ አለዚያም ከፍሎ ይገዛዋል። እዚህ ተጫዋች የሚያድገው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን ጊዜው ሲደርስ ቡድኖቹ ተራ ይዘው ይመርጡታል። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ውጤት ያመጣው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያሸነፈው ከሁሉም ኋላ ይሰለፋል። ሰባት ዙር ነው፣ ሦስት ቀን ይፈጃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ2024 የተመረጡት 257 ልጆች ነበሩ። ልጁ የሚጫወትበትን ከተማ አይመርጥም፤ የጠራው ቡድን ዘንድ ይሄዳል። ደካማው ከብርቱው እንዲስተካከል ብሎ ሐሳቡን ያመጣው የፊላዴልፊያው ቡድን ባለቤት በርት ቤል ነው። የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 እዚያው ፊላዴልፊያ ሆቴል ውስጥ ተካሄደ። ያን ቀን አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር አንድም ቀን በሊጉ ሳይጫወት ቀረ። ነገሩ ከጅምሩም እንዲህ ነው።

የኮምባይኑ ትልቁ ትርዒት የ40 ያርድ ሩጫ ነው፤ 36 ሜትር ተኩል ገደማ። ክብረ ወሰኑ በ2024 ዜቪየር ወርዚ የሮጠው 4.21 ሰከንድ ነው። በ2000 ይህንኑ ርቀት በ5.28 ሰከንድ እየተንገዳገደ የጨረሰ፣ ሸሚዙን አውልቆ ሲታይ ስፖርተኛ የማይመስል አንድ ቀጭን ልጅ ነበር። እንደሱ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወሩ ጥቃቱን የሚመሩ፣ ስድስት ልጆች ቀድመውት ተመረጡ፤ እሱ በ199ኛ ተራ ተጠራ። ቶም ብሬዲ ነው፤ ሰባት ጊዜ ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ይህንን ታሪክ የማያውቅ ደጋፊ የለም፤ ግን በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ሁላችንም ረስተነው ሰዓት እንቆጥራለን።

ለምን ቢባል፣ ቁጥር ለክርክር ይመቻል። «ይሄኛው 4.3 ሮጧል» ብለህ አፍ ታዘጋለህ። ጨዋታ ላይ ግን ማነው 36 ሜትር ቀጥ ብሎ፣ ያለ ሄልሜት፣ ማንም ሳይነካው የሚሮጠው? በ2023 ፑካ ናኩዋ የሚባል ተቀባይ እስኪጠራ ድረስ 176 ልጆች አልፈውታል። በመጀመሪያ ዓመቱ 105 ኳስ ይዞ 1486 ያርድ ሄደ፤ ሁለቱም ለአዲስ ተጫዋች ክብረ ወሰን ሆኑ። በዚያው ዓመት ሲ ጄ ስትራውድ በአእምሮ ፍጥነት ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ አምጥቷል የሚል ወሬ ከድራፍቱ በፊት ሾልኮ ወጣና ልጁ መሳቂያ ሆነ። ሂውስተን በሁለተኛ ተራ መረጠው። ዓመቱ ሲያልቅ በአጥቂ በኩል የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ።

ኮምባይኑ በ1980ዎቹ ሲጀመር ዋናው ጉዳይ ሩጫው አልነበረም። የእያንዳንዱን ልጅ የሕክምና ምርመራ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ነበር የታሰበው። ዛሬም ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ቴሌቪዥን የማያሳየው ነው፤ የቡድኖቹ ሐኪሞች ተራ በተራ ትከሻውን ይጠመዝዛሉ፣ ጉልበቱን ይስባሉ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ወደ ላይ ሲዘል ሰው ሁሉ ስንት ኢንች እንደዘለለ ያያል፤ እኔ አወራረዱን አያለሁ። ሁለቱ እግሮቹ እኩል ያርፋሉ ወይስ አንዱ ይቀድማል? ጉልበቱ በእግሩ ጣቶች አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል ወይስ ወደ ውስጥ ይገባል? ወደ ውስጥ የሚገባ ጉልበት የፊተኛውን ጅማት ይወጥረዋል። ጅማቱ ከተበጠሰ ቀዶ ጥገና ነው፣ ከዚያ ዘጠኝ ወርም ዓመትም የሚፈጅ ማገገሚያ። በርግጥ በቴሌቪዥን አይቶ ምርመራ የሚሰጥ ባለሙያ የለም፤ ደጋፊ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም።

ስለ ጉልበት ካነሳሁ የኛን ቡድን ቁስል ሳልነካ ማለፍ አልችልም። በ2012 ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፈንን፣ አርጂ ስሪ የምንለውን፣ በሁለተኛ ተራ ለመምረጥ ሲል ለሴንት ሉዊስ ራምስ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው የሄይስማን ተሸላሚ ነው፣ እንደ ሚዳቋ ይሮጣል፣ ሲናገር ያምራል። የመጀመሪያ ዓመቱ ድንቅ ነበር፤ እሱም የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። ግን ቀኝ ጉልበቱ በ2009 ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሳለ አንድ ጊዜ ጅማቱ ተበጥሶ የተሠራ ነበር። ታኅሣሥ ላይ እዚያው ጉልበት ላይ ተመታ። ጥር 2013 ከሲያትል ጋር በጥሎ ማለፉ ማሰሪያ አድርጎ ገባ፤ ከመጀመሪያው ሩብ ጀምሮ ያነክስ ነበር። አላወጡትም። በአራተኛው ሩብ ኳስ ሊያነሳ ሲል ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ታጠፈበት። የፊተኛውም የጎኑም ጅማት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያ ሩጫ አልተመለሰም።

ራምስ በእነዚያ ምርጫዎችና በእነሱ ልዋጭ ያገኟቸውን ስድስት ተጫዋቾች ታኅሣሥ 2014 እኛው ሜዳ ሜሪላንድ ላይ አምበል አድርገው ለሳንቲም ውርወራው አሰለፏቸው። ስድስቱ ተደርድረው መሀል ሜዳ ቆሙ። ጨዋታው በእነሱ 24 ለ 0 አሸናፊነት አለቀ። እንዲህ ያለ ስድብ ከአንደበት አይወጣም።

ይበልጥ የሚያንገበግበው በ2012ቱ ያው ድራፍት ዋሽንግተን በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ፣ ከርክ ከዚንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ መምረጡ ነው። መጠባበቂያ እንዲሆን የተመረጠው እሱ በ2015 ምድቡን አሸነፈልን፤ በኋላም አራት ጊዜ ለከዋክብት ጨዋታ ተመርጧል። ሳን ፍራንሲስኮም ይህንን ቀምሷል። በ2021 ትሬይ ላንስን ለማግኘት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከፈለ፤ ልጁ ሳይሳካለት ሄደ። በ2022 በመጨረሻው፣ በ262ኛው ተራ፣ ያለ ወጪ የወሰደው ብሮክ ፐርዲ ግን ሱፐር ቦውል አደረሰው።

ይህንን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። የኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚው ሪቻርድ ታለር ግን ከኬድ ማሲ ጋር ሆኖ አጥንቶታል። በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ተከታትለው ከተመረጡ ሁለት ልጆች የቀደመው ከተከታዩ የተሻለ የሚሆንበት ዕድል 52 በመቶ ገደማ ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ከመወርወር በምን ይሻላል? ቡድኖቹ ግን ለቀዳሚው ተራ እጥፍ ድርብ ይከፍላሉ። ለዚህ ነው እኔ ወደ ላይ ለመውጣት ምርጫውን የሚያራግፍ ቡድን ሳይ የሚያመኝ። ማንም በእርግጠኝነት የማያውቀው ነገር ላይ ዕጣው የበዛለት ያሸንፋል።

ከእህቴ ልጅ ጋር ግን ስለ ምርጫ አንስማማም። የ2024ቱ ድራፍት የዋለው በሁዳዴ ጾም፣ ሆሳዕና ሲቃረብ ነበር። ባለቤቴ ቺክን ዊንግ የሌለበት ድራፍት ምን ድራፍት ነው እያለ ሽሮውን ይበላል። ዋሽንግተን ባለፈው ዓመት 4 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ስለነበር ሁለተኛ ተራ ደረሰውና የሉዊዚያና ስቴቱን ጄደን ዳንኤልስን ጠራ። በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ዓመቱ 40 ጊዜ ነጥብ ያስቆጠረ ኳስ ወርውሮ አራት ብቻ የተነጠቀ ልጅ።

«አክስቴ፣ ይሄ ልጅ ቀጭን ነው። አንድ ቀን በደንብ ከተመታ ይሰበራል» አለኝ።

«ክብደቱ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ መውደቅ አይችልበትም። ሊመቱት ሲመጡ ተንሸራቶ እንደመተኛት ይጋፈጣል» አልኩት።

በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድናችንን ከ4 ድል ወደ 12 አሳደገው፣ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀረን፣ እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜም አደረሰው። በ2025 ደግሞ ጉልበቱን፣ የጭኑን ጡንቻ፣ ቀጥሎ ክርኑን እየተጎዳ ብዙ ጨዋታ አመለጠው። እንግዲህ ማናችን ልክ እንደነበርን ገና እየተከራከርን ነው።

እኔ ግን የዚያ ድራፍት ምርጫዬ ዳንኤልስ አልነበረም። በማግስቱ በ50ኛ ተራ የተጠራው ማይክ ሴንሪስቲል ነው። ሄይቲ ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የመጣ፣ ለተከላካይ አጭር ነው የተባለ። ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ቡድኑ ሲቸግረው ወደ ተከላካይነት ተዛወረ። ሦስት ዓመት ያጠቃ ልጅ ተገልብጦ ሲከላከል የአጥቂውን ሐሳብ ቀድሞ ያውቃል። በጨዋታው ይታያል፤ ተቀባዩ ከመዞሩ በፊት ዳሌው ዞሯል። ጥር 2025 ዲትሮይትን በሜዳው በጥሎ ማለፍ ስናሸንፍ ሁለት ኳስ ነጠቀ። ያንን የሚለካ ሰዓት ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የለም።

የ2027ቱ ድራፍት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል ላይ እንደሚካሄድ ተነግሯል። በ2024 ዲትሮይት ላይ ከ775 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ ነበርና የኛም ከተማ መጨናነቁ አይቀርም፤ መኪናችሁን ትታችሁ በሜትሮ ኑ። እስከዚያው ደግሞ በውድድሩ ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ስታዩ አንድ ልጅ ምረጡና ኳሷን ትታችሁ እሱን ብቻ ተከተሉ፤ በተለይ ቡድኑ እየተሸነፈ ባለበት በአራተኛው ሩብ።