የቡሄ ቆሎ ሂሳብ ከጥር ይጀምራል

ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የቡሄ በዓል በነጋዴው ዘንድ እንደ ገናና ፋሲካ አይቆጠርም። በግ አይታረድበትም፤ ቅቤና ዕንቁላልም አይሸመትበትም። በዓሉ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚዘልቀው የፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ለእንግዳ የሚቀርበው ትሪ የጾም ነው። ሙልሙል፣ የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ለውዝና ዳቦ ቆሎ ይደረደርበታል። የበግ ተራ ደላላ በዚህ ሰሞን እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ገበያው ወደ እህል በረንዳና ወደ ቆሎ ሻጮች ያዘነብላል።

ስሙ የገነነው ሙልሙል ነው። ይሁንና በከተማ “ሆያ ሆዬ” እያሉ ለሚጨፍሩ ልጆች ከዳቦ ይልቅ ብር መስጠት እየተለመደ በመምጣቱ፣ ዳቦ ቤቶች በአንድ ቀን ገበያ ብዙ ተስፋ ባይጥሉ ይሻላቸዋል። ያደረ ሙልሙል ገዢ የለውም። ቆሎ ግን ከበዓሉ በፊትም በኋላም ይሸጣል። የትሪው እውነተኛ ንግድ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ኪሳራውም እንዲሁ።

ቆሎ ርካሽ ነገር ይመስላል። ገብሱ ግን ትሪ ላይ ከመድረሱ በፊት ይሸከሸካል፣ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ ይቆላል። በእያንዳንዱ ደረጃ ከሚዛኑ ይቀንሳል። ለስሌት እንዲመች 100 ኪሎ ገብስ በኪሎ 100 ብር ተገዛ እንበል። በገለባ፣ በእንክርዳድና በመቆላት 20 ኪሎ ቢጎድል የሚቀረው 80 ኪሎ ነው። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ቆሎ ጥሬ ዕቃ 125 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። በገዛችበት ላይ 20 ብር ጨምራ በ120 የሸጠች ባልቴት አተረፍኩ ብላ ወደ ቤቷ ትገባለች። የከሰሉ፣ የላስቲኩና የጉልበቷ ዋጋ ሳይታሰብ ገና ከመነሻው በየኪሎው 5 ብር ከስራለች። ብዙ የጓዳ ንግድ ከዓመት ዓመት ሳያድግ የሚቀረው ገዢ ጠፍቶ ሳይሆን ይህ ጉድለት በሂሳብ ስለማይያዝ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወቅቱ ነው። የመኸር ገብስ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጭዶ ይወቃል። ያኔ ገበሬው ለልዩ ልዩ ወጪው ስለሚሸጥ አቅርቦቱ ይበዛል፣ ዋጋውም ይለዝባል። በነሐሴ ነገሩ ይገለበጣል። ገበሬው አረም ላይ ነው፤ ጎተራው ተሟጧል፤ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ሆኗል። እህሉ የሚገኘው በነጋዴው መጋዘን ስለሆነ ዋጋ ነጋሪውም እሱ ነው። ቡሄ ሲቃረብ ሮጦ ጥሬ ዕቃ የሚገዛ ቆሎ ሻጭ የሚሠራው ለራሱ ሳይሆን ለባለመጋዘኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥር ገዝቶ ማስቀመጥስ? ገንዘብም ዋጋ አለውና ይህም በነጻ አይደለም። ገብሱ በጥር በኪሎ 80 ብር ተገዛ፣ ገንዘቡም በዓመት 18 በመቶ ወለድ የተገኘ ነው ብንል፣ የ7 ወር ወለዱ 8 ብር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ የነሐሴው ዋጋ ከ88 ብር ከ40 ካልዘለለ ማስቀመጡ ትርፍ የለውም። 100 ብር ከገባ በየኪሎው 11 ብር ከ60 ይተርፋል፤ የመጋዘንና የነቀዝ ጣጣ የሚሸፈነው ከዚያ ላይ ነው። ሽምብራ በተለይ ለነቀዝ ቶሎ ስለሚሸነፍ አየር በማያስገባ ባለ 3 ድርብ ከረጢት ካልታሸገ ባይከማች ይመረጣል። ካፒታል የሌላቸው ሻጮች ያላቸው መላ እቁብ ነው። ዕጣው ለበዓል ልብስ በነሐሴ ከሚወጣ ለእህል በጥር ቢወጣ የተሻለ ነበር።

ሦስተኛው ጠላት ክረምቱ ራሱ ነው። የተቆላ እህል ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ጠዋት ሲሰበር ይሰማ የነበረ ቆሎ ማታ ጥርስ ላይ ይለጠጣል። ክፍት ሰፌድ ላይ ዘርግቶ መሸጥ ለዓይን ያምራል፣ ለነሐሴ ግን አይሆንም። ዝናብ ባለበት ሰሞን በትንሽ በትንሹ መቁላትና በቆርቆሮ ወይም በታሸገ ላስቲክ መያዝ ወጪ ቢጨምርም ከሚመለሰው ዕቃ ይሻላል።

በለውዝ ላይ ግን ጉዳዩ ከጣዕም ያልፋል። ከባቢሌና ከአካባቢው የሚመጣው ለውዝ በደንብ ሳይደርቅ ከታጨቀ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ተራ አቆላል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ለውዝ የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ መሆኑ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከበድ ያሳያል። መርዙ በአብዛኛው የሚገኘው በጨማደደው፣ በተሰበረውና ቀለሙ በተለወጠው ፍሬ ላይ ስለሆነ፣ ለቃሚዋ የምትጥለው እፍኝ ለውዝ እንደ ብክነት ሊታይ አይገባም። ችግሩ ይህንኑ የተጣለ ፍሬ በርካሽ ገዝቶ ከቆሎ ጋር የሚቀላቅል መኖሩ ነው። ጨውና በርበሬ የበዛበት ቅልቅል ሲገኝ ገዢ ቆም ብሎ ፍሬውን መመልከት አለበት።

ዳቦ ቆሎ ደግሞ የዘይት ዕዳ አለበት። አገሪቱ ከምትጠቀምበት የምግብ ዘይት ብዙው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዳቦ ቆሎ ወጪ ከዶላሩ ጋር ታስሯል። የገብስ ቆሎ ይህ ጣጣ ስለሌለበት የትሪውን ሰፊ ቦታ ለእሱ መስጠት ለባለቤቱም ለሻጩም ያዋጣል።

ከቡሄ በኋላ የተረፈው ቆሎ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ እንቁጣጣሽን ያገኛል። ያን ጊዜ ጾሙ ስለተፈታ ቅቤና ኬክ ወደ ትሪው ይመለሳሉ፤ የቆሎው ድርሻ ይጠባል። ለሱቅ በዱቤ ቆሎ የሚያስረክቡ ሰዎች ሂሳባቸውን ነሐሴ 14 ጠዋት ቢጠይቁ፣ ያልተሸጠውን ገና ሳይለሰልስ ተረክበው እንደገና ለማመስ ጊዜ ያገኛሉ።