የእብድ ውሻ በሽታ በየት በር ይገባል?



የእብድ ውሻ በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1884፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በጌምድርን፣ ትግራይን፣ ጎጃምንና ወሎን እንዳዳረሰ ተጽፏል። ዛሬም በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ ቤት ጠባቂው ውሻ ነውና ነገሩን እንድታውቁት እንወዳለን።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው፤ የሚኖረውም በታመመው ውሻ ለሃጭ ውስጥ ነው። የሰውነታችን ሕዋስ እንደ ቤት ነው፤ በላዩ ላይ እንደ ጓጉንቸር ያሉ ፕሮቲኖች አሉ። ቫይረሱም የራሱን ፕሮቲን እንደ መክፈቻ ይዞ ይመጣል። ውሻው ሲነክስ መክፈቻው ከነርቭ ሕዋስ ጓጉንቸር ጋር ይገጥማል፤ በሩም ይከፈታል። ከዚያ ቫይረሱ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ መቅደም ያለብን እኛ ነን። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ቫይረሱ የስብ ልባስ ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ ሰውነታችን መክፈቻውን የሚሸፍን መከላከያ እንዲሠራ ያደርገዋል። «ጭረት ናት፣ ሥር ይበቃታል» ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ልጅ ሲነከስ ፈርቶ ይደብቃል፤ አትቆጡት፣ በቀስታ ጠይቁት። ውሻችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ።