የብረት መዳፍ ልምምድና የእጃችሁ ጤንነት

ኩንግ ፉ የሚወድ ወጣት በየሰፈሩ አይጠፋም። ብዙዎቻችሁ አገር ቤት ሳላችሁ በየቪዲዮ ቤቱ የብሩስ ሊንና የጃኪ ቻንን ፊልሞች እያያችሁ አድጋችኋል። ፊልሙ ሲያልቅ ግድግዳ መደብደብና በአሸዋ የተሞላ ከረጢት መምታት የተለመደ ነበር። ዛሬም እዚህ ሐርጌሳ ውስጥ መዳፋቸውን እንደ ብረት ለማጠንከር የሚሞክሩ ወንድሞች አሉ። ስፖርት መሥራትን አንቃወምም፤ እንዲያውም እናበረታታለን። ነገር ግን ሲሚንቶ አቡክቶ፣ ልብስ አጥቦ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ለሚያድር ስደተኛ እጅ ማለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ነገሩን በሚገባ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ይህ ልምምድ በቻይና «የብረት አሸዋ መዳፍ» በመባል ይታወቃል። በዚህ ጥበብ ስማቸው ከሚነሣው መምህራን አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1952 የኖረው ጉ ሩዣንግ ሲሆን፣ የጡብ ቁልል በመዳፉ ሲሰብር የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለው። ለዓለም ያስተዋወቀው ግን ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በሆንግ ኮንግ በተሠራው «ኪንግ ቦክሰር» ፊልም ላይ ተዋናዩ ይህን ጥበብ ከተማረ በኋላ መዳፉ እንደ ፍም ሲቀላ ይታያል። ይህ የካሜራና የመብራት ሥራ ነው!

ትክክለኛው አሠራር በፊልም እንደምታዩት አይደለም። ተማሪው መጀመሪያ ማሾ የተሞላ የሸራ ከረጢት በማይነቃነቅ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። እጁን አላልቶ ከላይ ይጥለዋል እንጂ በኃይል አይመታም። ከብዙ ወራት በኋላ ማሾው በጠጠር፣ ቀጥሎም በደቃቅ የብረት ፍሬ ይተካል። ከልምምዱ በፊትና በኋላ እጁን በመድኃኒት ያሻል፤ አስተማሪውም በየቀኑ ያየዋል። ግድግዳና የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚመታ ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱንም እየሠራ አይደለም። መድኃኒቱ ራሱ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚሠራ ሲሆን፣ በአንዳንዱ ውስጥ ልብን የሚመርዝ ሥር ስለሚገባበት ፈጽሞ አይጠጣም፣ ቁስል ላይም አይቀባም። በሶማሌላንድ አልኮል በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ።

አጥንት በእርግጥ ይጠነክራል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አዎን፣ አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። ዩልዩስ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳስረዳው፣ አጥንት በሚያርፍበት ጫና መጠን ራሱን እያደሰ ይሠራል። ይሁንና ይህ እድሳት ወራት፣ ዕረፍትና በቂ ምግብ ይፈልጋል። በቀን አንዴ ሩዝ ወይም ፓስታ ብቻ የሚበላ ሰው አጥንቱን በየቀኑ ቢደበድብ፣ የተሰነጠቀው ሳይጠገን ሌላ ስንጥቅ ይጨመርበታል። «አሁንስ አያመኝም» ማለትም የጥንካሬ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ነርቭ ሲጎዳም ሕመም ይጠፋል።

እጅ ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ። ግድግዳ በቡጢ የሚመታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከትንሿ ጣት ሥር ያለው አጥንት ነው። በመዳፍ የሚመታ ደግሞ በትንሿ ጣት በኩል በመዳፉ ግርጌ የሚያልፈውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ይህን ልምምድ ጨርሶ ባይሞክሩ ይሻላል። የስኳር ሕመምተኞችም እንዲሁ።

ጉዳት ከደረሰ ምን ይደረግ? ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይጨምር ቶሎ ይውለቅ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ ይደረግበት፤ እጁም ከልብ ከፍ ብሎ ይያዝ። ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስበው ወጌሻን ነው። ወጌሻ ባህላችን ነው፤ ሆኖም የተሰበረን እጅ ማሸትና በቀርከሃ ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ታስሮላችሁ ጣታችሁ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ። እስከ ነገ አይቆይም።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ለቤት ለቤት ጉብኝት ስትወጡ የሚከተለውን አስተውሉ። ተጎጂው ጣቶቹን ቀስ ብሎ እንዲያጥፍ ጠይቁት፤ አንዱ ጣት በሌላው ላይ ከተደረበ አጥንቱ ዞሯል ማለት ነው። ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ቀይ መልኩ በ2 ሰከንድ ያህል ካልተመለሰ የደም ዝውውሩ ታውኳል። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲቀስር ከሥሩ፣ ከእጅ አንጓው አጠገብ የሚታየውን ጎድጓዳ ቦታ ስትጫኑት ካመመው፣ እብጠት ባይኖርም ወደ ሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል ወይም ኤክስሬይ ወዳለበት ሌላ ሕክምና ቤት ላኩት። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስብራቷ በመጀመሪያው ኤክስሬይ ላይታይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ካልቀረ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና መነሣት አለበት። ችላ ከተባለች ደም አጥታ ልትሞት ትችላለች፤ ሰውየውም ዕድሜ ልኩን አካፋ መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

በተለይ የሚያሳስበን በጠብ ጊዜ የሰው ጥርስ ያረፈበት የቡጢ ቁስል ነው። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፤ ባለቤቱም አፍሮ ይደብቀዋል። የአፍ ጀርም ግን ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ በአንድ ሁለት ቀን እጁን ሊያመግለው ይችላል። በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ሳትሰፉና ሳታሽጉ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም አድርሱት፤ የቴታነስ ክትባት መውሰዱንም ጠይቁ። ከማን ጋር እንደተጣላ መጠየቅ የእናንተ ሥራ አይደለም።