ስለ ድንጋይ መፍጫ መኪና አያያዝ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ የአገሩ ሰው ባልንጀራ ነው። ቤቱ በድንጋይ ይገነባል፤ ማሳው በድንጋይ ካብ ይታጠራል። ከዚህም ድንጋይ አብዛኛው ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ የወጣ፥ ባዛልት የሚባል ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፥ የሥነ ምድር ሊቃውንት አንዱን ንብርብር በጣርማ በር ስም ጠርተውታል። መንገድ ሲጠረግ፥ ድልድይ ሲሠራ፥ በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ የፎቅ ቤት ሲነሣ ግን የሚፈለገው በልክ የተፈጨ ጠጠር ነው። ስለዚህም የድንጋይ መፍጫ መኪና፥ በሠራተኞች አጠራር ክሬሸር፥ ለነጋዴው የትርፍ ምንጭ ሆኗል። የአያያዙን ደንብ ለማያውቅ ግን የዚያኑ ያህል የኪሳራ ምንጭ ነው።

ይህን መኪና በመጀመሪያ ያወጣው ኢሊ ዊትኒ ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በኒው ሄቨን ከተማ አጠገብ የሚሠራውን የጠጠር መንገድ እንዲቆጣጠር ተመርጦ ሳለ፥ ሠራተኛው ድንጋዩን በመዶሻ ሲፈልጥ ቀኑ እንዴት እንደሚያልቅ ተመለከተ፤ ብዙ ከደከመም በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ. ም. የፈጠራ መብት ተቀበለ። ዛሬ በየካባው የሚታየው ባለ መንጋጋ መፍጫ ከዚያ መኪና ብዙ አልራቀም። አንዱ መንጋጋ የቆመ ነው፤ ሁለተኛው ከመሐሉ ወጣ ባለ ዘንግ ኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፤ ድንጋዩም ከላይ ገብቶ በሁለቱ መካከል እየተቀጠቀጠ ወደ ታች ይወርዳል። በግራና በቀኝ ያሉት ከባድ መንኰራኵሮች ኃይሉን ያጠራቅማሉ።

ብዙ ባለንብረት መኪናውን ከገዛ በኋላ ራሱን እንደ ድንጋይ ይቈጥረዋል፤ ብረት ስለ ሆነ የሚጐዳ አይመስለውም። የዚህም ስሕተት ዋጋ የሚታወቀው መኪናው በቆመ ቀን ነው። የሥራ ተቋራጩ ጠጠር ይጠብቃል፤ በቀን ሒሳብ የተከራዩት የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ይውላሉ፤ የባንክ ወለድ ግን አይቆምም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፥ አንዳንዱም በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ እፍኝ ግራሶ ያጣ ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል።

ኩሽኔታ በመኪናው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ክፍል ነው። ጠላቱም አቧራ ነው። ግራሶ የሚሰጥበት ቀዳዳ አስቀድሞ በጨርቅ ካልተጠረገ፥ ከግራሶው ጋር የሚገባው የባዛልት ደቃቅ እንደ ሞረድ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል። በሌላ በኩል ግራሶ በበዛ ቁጥር ጥቅም የሚሰጥ የሚመስለው ሠራተኛ ሞልቷል፤ ነገር ግን የኩሽኔታው ቤት ከመጠን በላይ ከተሞላ ግራሶው እየተናጠ ይግላል። ፋብሪካው ሌላ መጠን ካልወሰነ በቀር፥ ከቤቱ ባዶ ቦታ ከሲሶ እስከ እኩሌታ ያለው ይበቃል። ሙቀቱም በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ተለክቶ መጻፍ አለበት፤ የቀኙ ከግራው አብልጦ ከጋለ፥ ወይም የዛሬው ከትናንቱ እጅግ ከበለጠ፥ መኪናው ሕመሙን ተናገረ ማለት ነው። ከሩቅ ሆኖ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ዛሬ በገበያ ስለሚገኝ በሚሽከረከር ዘንግ አጠገብ እጅ መስደድ አያስፈልግም።

የመንዝ ብርድ ደግሞ የራሱን ሕግ ያመጣል። ውርጭ በወረደበት ጧት ግራሶውም የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል፤ ስለዚህ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት መኪናው ለጥቂት ጊዜ ባዶውን ይዙር። ሞተሩም ቢሆን ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር የሚያገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አየር በኃይል የሚያስገባ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት በዚህ ደጋ አይሰጥም፤ ገዢው ይህን ሳያሰላ ቢገዛ ሞተሩ ጥቁር ጢስ እየተፋ ዕድሜውን ያሳጥራል። በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ሲጨመርበትማ ነገሩ የባሰ ይሆናል።

የመንጋጋውን ሰሌዳ ጉዳይ የእህል ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ ካልተወቀረ ናፍጣውን ይበላል እንጂ ዱቄት አያወጣም። የመንጋጋ ሰሌዳም ጥርሱ ሲያልቅ እንዲሁ ነው፤ ጠጠሩ ጠፍጣፋና ልኩን ያልጠበቀ ይሆናል፤ መኪናው ይጨነቃል። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ከታች በኩል ስለ ሆነ፥ ተገልብጦ እንዲገጠም ተደርጎ የተሠራ ከሆነ በጊዜው ቢገለበጥ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። የሚሠራበትም የማንጋኒዝ ብረት፥ እንግሊዛዊው ሮበርት ሃድፊልድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ. ም. ያገኘው፥ በተመታ ቁጥር ላዩ የሚጠነክር እንግዳ ብረት ነው። ሆኖም ብዙ ከጋለ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ያለቀውን ሰሌዳ ለማንኛውም በያጅ ሰጥቶ ማስሞላት ቁጠባ አይደለም። በመዶሻም ቢመታ ስንጣሪው ዐይን ያጠፋል።

ከመንጋጋው በስተኋላ ያለው መደገፊያ ሰሌዳ ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ የተሠራ ነው። የቁፋሮ መኪና ጥርስ ወይም ሌላ የማይፈጭ ብረት በመንጋጋው መካከል የገባ እንደ ሆነ እርሱ ተሰብሮ ዘንጉን ያድናል። አንዳንድ ባለንብረት ደጋግሞ ሲሰበርበት ተናዶ በወፍራም ብረት ያስተካዋል። ይህ የመብራት ፊውዝን በምስማር እንደ መተካት ያለ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበረው ዘንጉ ይሆናል።

ቡሎኖች በንዝረት ስለሚላሉ በየቀኑ ይጠበቁ፤ አዲስ ሰሌዳ በተገጠመ ዕለትማ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደ ገና መጥበቅ አለባቸው። ቺንጋው ሲላላ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ ሲወጠር ኩሽኔታውን ይጐትታል። ከመንጋጋው አፍ የሚተልቅ ድንጋይም አይግባ።

ስለ ሠራተኛው ደኅንነት የሚነገረው ግን ከሁሉ ይቀድማል። ሞተሩ ጠፋ ማለት መኪናው ቆመ ማለት አይደለም፤ ከባዱ መንኰራኵር ለጊዜው ይዞራል። ስለዚህ ማንም ለጥገና ሲገባ መንኰራኵሩ መቆሙን በዐይኑ አይቶ፥ ማስነሻውን ቈልፎ፥ ቁልፉን በራሱ ኪስ መያዝ ይገባዋል። በመንጋጋው የተቀረቀረ ድንጋይ መኪናው እየሠራ በዘንግ አይነካም፤ ዘንጉ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። አቧራውም በውኃ ይብረድ፤ ሠራተኛውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ይህ ሁሉ በቃል የሚያዝ ስላልሆነ አንድ መዝገብ ያስፈልጋል። በውስጡም መኪናው የሠራበት ሰዓት፥ ግራሶ የተሰጠበት ቀን፥ የኩሽኔታው ሙቀት፥ የተለወጠው ዕቃና ዋጋው ይጻፋል። መዝገቡን የሚጽፈው መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው፥ የሚፈርምበት ደግሞ ባለንብረቱ ወይም ወኪሉ ቢሆን ይሻላል፤ ፊርማ የሌለበት መዝገብ በሳምንቱ መጨረሻ በአንድ ቀለም፥ በአንድ ቁጭታ ሲሞላ ይታያል።

ክረምት ሲገባ የካባው መንገድ ጭቃ ሆኖ ሥራ ይቀዘቅዛል። መኪናውን ፈታ አድርጎ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አቧራው ታጥቦ፥ ቀለም የሌለው ብረት ግራሶ ተቀብቶ፥ ቺንጋው ላልቶ ይቆይ፤ መንኰራኵሩም አልፎ አልፎ በእጅ ይዙር፥ ኩሽኔታው በአንድ ቦታ ቆሞ እንዳይዝግ። የመንጋጋ ሰሌዳና ኩሽኔታ በሰኔ የታዘዘ እንደ ሆነ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ለመድረስ ጊዜ አለው፤ በጥቅምት የታዘዘው ሲደርስ ግን ተቋራጩ ጠጠሩን ከሌላ ሰው መግዛት ጀምሯል።