ቁርጥማት ሁሉ ከብርድ አይደለም

ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣ ወገን ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለው የመኪናውን መሪ መያዝ ሲያስቸግሩት የሚወቅሰው የኮሎራዶን ብርድ ነው። "ብርድ መቶኝ ነው" ይላል፤ ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ቁርጥማት ግን የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኖት የገዛ መገጣጠሚያውን ሲወጋ ነው።

የዚህ ጠብ መነሻ አንጀት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም የሚል ምርምር እዚሁ አውሮራ ተካሂዷል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንሹትዝ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ለበሽታው ከተጋለጡ ሰዎች ደም ያገኟቸው ፀረ እንግዳ አካላት የአንጀት ባክቴሪያዎችንም ሲይዙ አዩ። ከነዚህ አንዱን ባክቴሪያ ለአይጦች ሲሰጧቸው የእግራቸው መገጣጠሚያ አበጠ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ባክቴሪያውም በሁሉም በሽተኛ አልተገኘም። ቢሆንም ፍንጩ ቀላል አይደለም።

የአንጀት ባክቴሪያ የሚበላው ሰው የበላውን ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ፋይበር የሚሉት አሰር አላቸው። ሆድ የማይፈጨውን ይህን አሰር ባክቴሪያዎቹ አብላልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚያጠነክርና የመከላከያ ኃይሉን የሚያበርድ አሲድ ያደርጉታል። (ጥቅሙ ከእርሾው ነው የሚሉ አሉ፤ የእርሾው ተሕዋስያን ግን ምጣድ ላይ ያልቃሉ።)

ስደተኛውን ሊያሳስበው የሚገባው የለውጡ ፍጥነት ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ የህሞንግና የካረን ሴቶች አሜሪካ ከገቡ ዓመት ሳይሞላቸው አሰር አብላዮቹ ባክቴሪያዎች እየመነመኑ አንጀታቸው የአሜሪካን ሰው መምሰል ጀመረ። በእስራኤልም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ለታየው ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ አዲሱ አካባቢ ድርሻ እንዳለው ጽፈዋል። እሱም ሰውነት ራሱን የሚወጋበት በሽታ ነው። ከአካባቢው ውስጥ ምግቡ ምን ያህሉን ይይዛል የሚለው ግን ገና አልተለየም።

ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን ጥሎ በሽሮ እድናለሁ የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ጠዋት ጠዋት ጣቶች ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደርቁ፣ የሁለቱም እጅ መገጣጠሚያዎች የሚያብጡ፣ ይህም ለሳምንታት የሚቆይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሩማቶይድ የደም ምርመራ መጠየቅ ነው። አጥንቱ ከተበላ በኋላ የሚጀመር መድኃኒት የጠፋውን አይመልስም።