የልጆች ንባብና የቤት ሥራ፦ የቤተሰብ ድርሻ ምንድን ነው?

ንባብ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ካልተያዘ ሌላው ትምህርት ሁሉ ይከብዳል። የሒሳብ ጥያቄ እንኳ የሚሠራው መጀመሪያ ተነብቦ ሲገባ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር የቆየው ጉዳይ ልጆችን ማስነበብ የመምህሩ ሥራ ብቻ ነው ወይስ ቤተሰብም ድርሻ አለው የሚለው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ወይም ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ወላጅ በምን ሊያግዝ ይችላል የሚለውም አብሮ ይነሳል።

በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ማስነበብ የየኔታ ኃላፊነት ነበር። ልጁ ሀሁን በዜማ በቃሉ ሊወጣው ስለሚችል፣ ፊደሉን በዓይኑ መለየቱ እንዲታወቅ በሌላ ቅደም ተከተል አቡጊዳን ይቆጥራል። ከዚያም ፊደል በፊደል ከሚነበብበት ከቁጥር ንባብ ተነሥቶ ሳይቆራረጥ እስከሚነበብበት ቁም ንባብ ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቆጥር ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ጎልማሶችን ለፊደል አበቃ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ ለብዙ ቤተሰቦች የቤትና የመማሪያ ቋንቋ አንድ ሆነ።

ይሁንና በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደ የንባብ ምዘና ችግሩን አጋለጠ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ።

መጽሐፍ መኖሩ ግን በራሱ አያስነብብም። ተማሪ በሚበዛበትና በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት አንድ መምህር እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ አስነብቦ ለመስማት ጊዜ አይበቃውም። የአማርኛ ፊደልም ልምምድ ይጠይቃል፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። በዚያ ላይ ጽሕፈቱ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ስለሆነ፣ ልጁ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩን ተረድቶ ነው። ፊደል በፊደል የሚንተባተብ ልጅ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል።

የቤት እገዛ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ አንዱን ምንባብ እስኪቀናው ይደጋግማል። ቃል ሲይዘው ወዲያው አይነገረውም። ፊደሉን እንዲያስተውል ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልሆነለት ቃሉ ይነገረውና ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ያነባል። ስህተት በቁጣ ሲታረም ልጁ ንባብን ይሸሻል።

ማንበብ የማይችል ወላጅም በሙሉ ልብ ሊያግዝ ይችላል። ልጁ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጦ መስማት፣ ከዚያም «ታሪኩ ስለ ማን ነው? ለምን እንዲህ አደረገ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ፊደል ማወቅን አይፈልግም። ተረትና እንቆቅልሽ የቃላት ሀብቱን ያሰፋሉ፤ ብዙ ቃል በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ቃሉን በጽሑፍ ሲያገኘው ቶሎ ይገባዋል። ታላቅ ወንድም ወይም እህትም ታናሽን ሊያስጠና ይችላል፤ ይህ ግን የራሳቸውን ጥናት መሻማት የለበትም።

በቤት ሥራ ላይ የቤተሰብ ድርሻ ጊዜና ብርሃን ያለው ቦታ ማመቻቸት፣ ልጁ የሚታዘዘውን የቤት ውስጥ ሥራ መቀነስና ልጁ የሠራውን በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ወላጅ ወይም አስጠኚ ሠርቶ የሰጠው ደብተር መምህሩን ያሳስታል፤ ልጁ ያልገባው ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። ልጁ ያልቻለውን ጥያቄ ምልክት አድርጎበት ቢሄድ ለመምህሩ የበለጠ ይጠቅማል።

የትምህርቱ ቋንቋ በቤት የማይነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ልጁ ትምህርቱን በቤቱ ቋንቋ ማስረዳቱ ለመረዳቱ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ልጁ በየቀኑ እያነበበም ፊደላትን ማምታታቱን ካልተወ ወይም መጽሐፉን እጅግ እያስጠጋ የሚያነብ ከሆነ፣ ሰነፍ ነው ከማለት በፊት መምህሩን ማነጋገርና ዓይኑንም ጆሮውንም ማስመርመር ይገባል። አዲስ ፊደልና ስልት ማስተማር የመምህሩ ኃላፊነት ሆኖ ይቀጥላል፤ የቤተሰብ ድርሻ የተማረውን በየቀኑ የሚለማመድበትን ጊዜና የሚሰማውን ሰው ማሟላት ነው።